ምዕራፍ 7፦ ከመምጣቱ በፊት ወይስ ከመጣ በኋላ?

የባንክ መስኮት፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር፣ የጅምላ ነጋዴ መጋዘን፦ ሥራቸው ለየቅል ቢሆንም ኮምፒውተራቸው ላይ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው። ረድፍና ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ። ሠራተኛው በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውም ያው ነው፤ ይመርጣል። የዛሬዎቹን ብቻ። ያልከፈሉትን ብቻ። የጎንደር ቅርንጫፍን ብቻ። ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሆኑትን ብቻ።

ሁለት የሆስፒታል ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን አስቀምጡና በሁለቱም ላይ "የዛሬ ቀጠሮዎች" የሚለውን ተጫኑ። በሁለቱም 30 ረድፎች ይወጣሉ። ስሞቹ አንድ ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው። ነገር ግን በአንደኛው ፕሮግራም ከመረጃ ቋቱ ተነሥተው እናንተ ዘንድ የደረሱት 30 ረድፎች ብቻ ናቸው። በሌላው የደረሱት 400,000 ሲሆኑ 399,970ዎቹ ከዓይናችሁ ተሸሽገው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ልኮ መልስ ተቀበለ፤ ባለሙያዎች ይህን ኩዌሪ ይሉታል። ሁለተኛው ሁሉን አስመጥቶ አጣራ፤ ይህ ፊልተር፣ በአማርኛ ማጣሪያ፣ ይባላል። ስክሪኑ ልዩነቱን አይናገርም።

በምዕራፍ 3 ስክሪን ላይ የሚታየው ሰንጠረዥ መረጃው ራሱ ሳይሆን የመረጃው መልክ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ኢንዴክስ፣ ማለትም የመረጃ ቋት ማውጫ፣ እንዴት እንደሚሠራ ተመልክተናል። ሁለቱ ሐሳቦች እዚህ ይገናኛሉ።

ማጣሪያ ይሻላል ወይስ ጥያቄ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የፍጥነት ክርክር ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ከፍጥነት የሚቀድም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም ምርጫው የሚካሄድበት ቦታ ነው። ረድፎቹ የሚመረጡት ከመነሣታቸው በፊት ባሉበት ነው? ወይስ መጥተው ካረፉ በኋላ እናንተ ጠረጴዛ ላይ? ይህን በትክክል የመለሰ ሰው ስለ ፍጥነቱም፣ ስለ ምሥጢሩም፣ ስለ ድምሩ ትክክለኛነትም የሚያስፈልገውን መልስ አብሮ ያገኛል።

ካርድ ክፍልና ሐኪም

አንድ ትልቅ ሆስፒታል አስቡ። እያንዳንዱ ታካሚ ካርድ አለው፤ ካርዶቹ ምድር ቤት ባለው ካርድ ክፍል በቁጥር ተደርድረዋል። ሐኪሟ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ዛሬ 30 ቀጠሮ አለባት።

ሐኪሟ 30ዎቹን ካርዶች የምታገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የካርዶቹን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ታች መላክ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መደርደሪያዎቹን ያውቃቸዋል፤ በቁጥሩ እየሄደ 30ውን ይመዝዛል፣ ተላላኪዋ ይዛ ትወጣለች። ሁለተኛው መንገድ የካርድ ክፍሉን ካርድ በሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማመላለስ፣ 30ውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ የቀረውን ክምር በአንሶላ መሸፈን ነው። ሐኪሟ ፊት ያለው በሁለቱም መንገድ 30 ካርድ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ ሁለተኛው ማጣሪያ።

እንዲህ ሲነገር ሁለተኛው መንገድ ማንም የማያደርገው ይመስላል። ይሁንና በየቢሮው ጠዋት ሲከፈቱ ለደቂቃዎች የሚቆዩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈጣን የሚሆኑ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ያ የማለዳ መዘግየት ካርድ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ደረጃ ሲወጣ ነው።

ነገሩን ትንሽ ወደፊት እንውሰደው። 30ዎቹ ካርዶች አሁን ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ሐኪሟ ከእነርሱ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አስቀድማ ማየት ፈለገች። ለዚህ እንደገና ወረቀት ጽፋ ምድር ቤት ትላክ? አይሆንም። ካርዶቹ እጇ ላይ ናቸው፣ ራሷ ትለያቸዋለች። ቀጥላ የላቦራቶሪ ውጤታቸው የደረሰውን፣ ቀጥላም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን ብትፈልግ እያንዳንዱ መለየት የሰከንድ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ማጣሪያ ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ በእያንዳንዷ ሐሳብ ተላላኪ ማሯሯጥ ደግሞ ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለቱን በቅደም ተከተል መጠቀም ነው። ጥያቄ ትልቁን ወደ ትንሽ ያወርዳል፤ ማጣሪያ በትንሹ ውስጥ ያገላብጣል። ችግሩ የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ፣ ማለትም የጥያቄን ሥራ ማጣሪያ ሲሠራው ነው።

ሁለቱ ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዝ አገር የተወለደ የሒሳብ ምሁር፣ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም ምርምር ላቦራቶሪ እየሠራ ሳለ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከመረጃ ቋት አንድ ነገር የፈለገ ፕሮግራመር መረጃው የት እንዳለ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚኬድ ራሱ እያወቀ ደረጃ በደረጃ መጓዝ ነበረበት። ሐኪሟ ራሷ ምድር ቤት ወርዳ በስንተኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ረድፍ እያለች እንደመፈለግ ማለት ነው። ኮድ ያቀረበው ሐሳብ ፈላጊው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፣ መንገዱን መረጃ ቋቱ ራሱ ይፈልግ የሚል ነበር። ይህ ሐሳብ የዘመናችንን የመረጃ አያያዝ ከሥሩ ቀይሮታል፤ ኮድም በ1981 በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሏል።

በ1974 በዚያው ላቦራቶሪ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ይህን "የምትፈልገውን ብቻ ተናገር" የሚል ሐሳብ ተራ ሰው ሊያነበው ወደሚችል ቋንቋ ለወጡት። ሲኩዌል ብለው ጠሩት፤ በኋላ ኤስኪውኤል ተባለ። ዛሬም በባንኩ፣ በአየር መንገዱ፣ በቴሌኮሙ ሲስተም ውስጥ የሚሠራው እርሱ ነው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ በአማርኛ ቢነበብ ይህን ይመስላል፦ "ከታካሚዎች ሰንጠረዥ፣ ቀጠሯቸው ዛሬ የሆኑትን ሰዎች፣ ስማቸውንና ስልካቸውን፣ በስም ቅደም ተከተል አምጣ።" ብጣሽ ወረቀቱ ማለት ይህ ነው።

የማጣሪያ ታሪክ ከሌላ ቤት ይጀምራል። በ1980ዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲስፋፋ ዲቤዝ፣ በኋላም ፎክስፕሮ የተባሉ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። መረጃው የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ነበር። የሐኪሟ ቢሮ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሲሆን ማለት ነው፤ ምንም ነገር ደረጃ አይወጣም፤ ስለዚህ የማያስፈልገውን መሸፈን ብልህ ዘዴ ነበር። ቆይቶ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ተያያዙ፣ የመረጃው ፋይል ወደ አንድ ማሽን ተዛወረ። ማጣሪያው ግን በየሰው ጠረጴዛ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። የሚጣራው ፋይል በኔትወርኩ እየተጎተተ መምጣት ጀመረ። ሁኔታው ተለውጦ ልማዱ ቀረ።

በ1992 የወጣው ማይክሮሶፍት አክሰስና በ1995 የወጣው የቦርላንድ ዴልፊ ሁለቱንም ዘዴ ለፕሮግራመሩ እኩል አቀረቡለት። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ባለሙያ ሁሉ የምርጫውን ቅድመ ሁኔታ ከሁለቱ የት ልጻፈው በሚለው ጥያቄ ውስጥ ያልፋል። በሁለቱም ቦታ ቢጽፈው ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ረድፎች ይወጡለታል፤ ለዚህ ነው ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚያሳስተው።

በስሙም መታለል አይገባም። አንዳንድ የዛሬ መሣሪያዎች አዝራሩን "ፊልተር" ብለው ሰይመው ከኋላ ግን ጥያቄ አዘጋጅተው ወደ ሰርቨሩ፣ መረጃው ወደሚኖርበት ማሽን፣ ይልካሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ "ፈልግ" የሚል ሣጥን አስቀምጠው የመጣውን ብቻ ያበጥራሉ።

መንገዱ ስንት ያስከፍላል?

ለሒሳብ እንዲመቸን አንዱ የታካሚ ረድፍ 500 ባይት ይይዛል እንበል። ብዙ አይደለም፤ ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን 1 ብቻ። በአማርኛ የተሞላ ቅጽ በእንግሊዝኛ ከተሞላው ይከብዳል።

400,000 ታካሚ በ500 ባይት ሲባዛ 200 ሚሊዮን ባይት ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህን ለማምጣት 400 ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 7 ደቂቃ ያስፈልጋል። ያውም መስመሩን የሚጠቀም ሌላ ሰው ከሌለ ነው። 30 ረድፎች ግን 15,000 ባይት ናቸው፤ በዚያው መስመር ዓይን ሳይጨፈን ይደርሳሉ።

ሰርቨሩስ 400,000ውን ሁሉ ማየት የለበትም ወይ? ኢንዴክስ ካለው የለበትም። በምዕራፍ 5 ያየነው ቢ-ትሪ የተባለው የማውጫ ዓይነት፣ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ የፈጠሩት፣ እዚህ ዋጋውን ያሳያል። የማውጫው እያንዳንዱ ገጽ ወደ 100 ሌሎች ገጾች የሚመራ ከሆነ በሦስት እርምጃ ከአንድ ሚሊዮን ረድፍ መካከል የተፈለገው ላይ ይደረሳል፤ 100 በ100 በ100 ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ነውና። ማጣሪያ ግን በአብዛኛው ያለ ማውጫ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል።

ለማጣሪያ ሚዛናዊ ለመሆን፣ ይህ ንባብ ራሱ ብዙ አይጎዳም። የዛሬ ኮምፒውተር ማስታወሻው ውስጥ ያሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ረድፎችን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሊያበጥር ይችላል። የሚያስከፍለው ጉዞው ነው። የመረጃ ቋት መሐንዲሶች ቅድመ ሁኔታ በተቻለ መጠን ወደ መረጃው መቅረብ አለበት የሚሉት ለዚህ ነው። በሰርቨሩ ውስጥ እንኳ ሳይቀር ሥራው ሲታቀድ ረድፎች ገና ሳይጓጓዙና ከሌላ ሰንጠረዥ ጋር ሳይጣመሩ እንዲመረጡ ይደረጋል።

ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን ይህ ስሌት በመጀመሪያው ቀን አለመታየቱ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚሞከረው በ300 ረድፍ ነው፤ በ300 ረድፍ ሁሉም ዘዴ ፈጣን ነው። በአንድ ዓመት 40,000 ይሆናል፣ ሠራተኛው ትንሽ ይጠብቃል። በሦስተኛው ዓመት "ኮምፒውተሩ አርጅቷል" ተብሎ አዲስ ይገዛል። ያረጀው ግን ኮምፒውተሩ አይደለም፤ የተመረጠው ዘዴ ከሚያድገው መረጃ ጋር አብሮ እየከበደ ነው። ስለዚህ አንድ ሰንጠረዥ በጊዜ ብዛት የሚያድግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ታካሚ፣ ደረሰኝ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥያቄ ይሁን እላለሁ፣ ዛሬ 300 ረድፍ ብቻ ቢኖረውም።

"የለም" የሚል ሰንጠረዥ

ከዝግታ የባሰ አደጋ አለ። ዝግታ ያበሳጫል እንጂ አይዋሽም።

ብዙ ፕሮግራሞች ሁሉን ማምጣት እንደማይቻል ስለሚያውቁ በገጽ ከፋፍለው ያመጣሉ፤ መጀመሪያ 50 ረድፍ፣ "ቀጣይ" ሲባል ሌላ 50። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ላይ ማጣሪያ ሲጨመር ነው። ማጣሪያው የሚያየው እጁ ላይ ያሉትን 50 ብቻ ነው። ሠራተኛዋ "አልማዝ" ብላ ትጽፋለች፤ ሰንጠረዡ ባዶ ይሆናል። ለተሰለፈችው እናት "እዚህ አልተመዘገቡም" ትላታለች። አልማዝ ግን በሰባተኛው ገጽ ላይ አለች። ማጣሪያው የመለሰው "ከእነዚህ 50 ውስጥ የለችም" የሚለውን ነው፤ ሠራተኛዋ የሰማችው ግን "ሆስፒታሉ ውስጥ የለችም" የሚለውን ነው። ለታካሚዋ አዲስ ካርድ ይከፈታል፤ የቀድሞ የሕክምና ታሪኳ፣ ምናልባትም የማይስማማት መድኃኒት የተጻፈበት ገጽ፣ በአሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል።

በመደርደር ላይም ያው ነው። "በዕዳ መጠን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድር" ብላችሁ ዓምዱን ስትጫኑ የሚደረደረው የመጣው ገጽ ብቻ ከሆነ፣ ከላይ የሚወጣው ስም የትልቁ ባለዕዳ ስም አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ ያለው ትልቁ ነው። በዚህ መልኩ የወጣ ዝርዝር ይዞ ውሳኔ የሚሰጥ ሥራ አስኪያጅ ምን ያህል እንደሚሳሳት መገመት ይቻላል።

ያልመጣ ረድፍ "አልመጣሁም" ብሎ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ባለሥልጣን ይህን በከባድ ሁኔታ አየው። የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ሲተላለፉ መሐል ላይ የነበረው አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ አይችልም ነበር፤ ከዚያ የተረፈው ቀረ። ቫይረሱ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች በዚህ ምክንያት በወቅቱ ከይፋዊው ቁጥር ውጭ ሆኑ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። ሰንጠረዡ የተሟላ ይመስል ነበር። የዚህ ስሕተት ምንጭ ማጣሪያ አልነበረም፣ ነገር ግን ሥሩ ተመሳሳይ ነው፤ እጅ ላይ የደረሰውን ሁሉም ነው ብሎ ማመን።

ስለዚህ አንድ ሕግ ያለ ማመንታት እሰጣለሁ። ሰንጠረዡ በገጽ ተከፋፍሎ የሚመጣ ከሆነ መፈለግም፣ ማጣራትም፣ መደርደርም፣ መደመርም በሰርቨሩ ላይ ይደረግ። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ስክሪኑ ላይ "ከ400,000 ውስጥ 50 እየታየ ነው" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

የተሸፈነው ሁሉ አለ

በማጣሪያ የተደበቀ ረድፍ አልጠፋም፤ አንሶላው ሥር ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

የመጀመሪያው የድምር ጉዳይ ነው። በኤክሴል ላይ የአዳማን ቅርንጫፍ ብቻ አጣርታችሁ ከታች ያለውን ድምር ብታዩ፣ ድምሩ ሳም በተባለው ተራ ቀመር የተሠራ ከሆነ የተደበቁትንም ይደምራል። የምታዩት የአዳማን ረድፎች ነው፤ ድምሩ ግን የሁሉም ቅርንጫፎች ነው። ሳብቶታል የተባለው ቀመር በማጣሪያ የተሸሸጉትን ትቶ የሚታዩትን ብቻ ይደምራል። ብዙ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ያውቃል፤ የማያውቀው ግን ያዘጋጀው ሪፖርት ላይ ስሕተቱ በየት እንደገባ ለማወቅ ያመሻል።

ሁለተኛው እጅግ ይከብዳል፤ የምሥጢር ጉዳይ ነው። በኦገስት 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አንድ ዜጋ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ላቀረበው ጥያቄ መልስ ሰጠ። የተጠየቀው በየማዕረጉ ስንት ሠራተኛ እንዳለ ብቻ ነበር። መልሱ በኤክሴል ተላከ፤ ቁጥሮቹን የያዘው ገጽ ይታያል። ከኋላው ግን ሳይጠፋ የተደበቀ ሌላ ገጽ ነበር፤ በውስጡም የ9,483 ፖሊሶችና የአስተዳደር ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት፣ ማዕረግና የሥራ ክፍል ነበረበት። ፋይሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ለሰዓታት ቆየ። ፖሊስ መሆን ራሱ ለጥቃት በሚያጋልጥበት፣ አንዳንዶች ሥራቸውን ከዘመድ ጎረቤት በሚደብቁበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። በ2024 የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፖሊሱን 750,000 ፓውንድ ቀጣው።

በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ ላይም ሕጉ አይለወጥም። ሰርቨሩ የሁሉንም ሠራተኛ ደመወዝ ልኮ ገጹ የእናንተን ብቻ ቢያሳይ፣ ትንሽ ዕውቀት ያለው ሰው ብራውዘሩ የተቀበለውን ሁሉ ከፍቶ ማንበብ ይችላል። አንድ ሰው ማየት የማይገባውን ነገር ማጣሪያ አይጠብቅለትም። መጠበቅ የሚችለው ረድፉ ከነጭራሹ እንዳይነሣ የሚያደርግ ጥያቄ ነው፤ ያም ጥያቄ "ይህን የጠየቀው ማን ነው?" የሚለውን በሰርቨሩ በኩል መርምሮ የሚሠራ መሆን አለበት። በፍጥነት ጉዳይ ላይ ለድርድር ቦታ አለ፤ በዚህ ላይ የለም።

ማጣሪያ የሚያሸንፍበት

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ማጣሪያን መናቅ ትክክል አይሆንም። ሠራተኛ ሲያስብ በአንድ ጥያቄ አያስብም። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይመለሳል፣ "ይህን ደግሞ ልይ" ይላል። እጁ ላይ ባለ ትንሽ መረጃ ላይ ማጣሪያ ከጣቱ እኩል ይሄዳል። የክልሎች ዝርዝር፣ የገንዘብ ዓይነቶች፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ የአንድ ቀን ቀጠሮ የሚበዙ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ መጥተው በማጣሪያ ይገላበጡ።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌት ይዛ ከወጣች፣ ከመውጣቷ በፊት የቀበሌዋን ቤተሰቦች ብቻ በጥያቄ ታስመጣለች፤ መስክ ላይ ያለ መስመር በማጣሪያ ትሠራለች። ቀበሌዋን ብቻ የሚለው ነው ዋናው፤ መላ ወረዳውን ብትጭን መጫኑም ይከብዳል፣ ታብሌቱ ቢጠፋ ጉዳቱም ይበዛል።

ሰርቨሩም ቢሆን ድካም ያውቃል። 300 ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ስም እየጻፉ በእያንዳንዷ ፊደል አዲስ ጥያቄ ቢላክ ሰርቨሩ ይጨናነቃል። ጥሩ ፕሮግራም ጸሐፊው ጣቱን እስኪያሳርፍ ጥቂት የሴኮንድ ክፋይ ይጠብቅና አንድ ጥያቄ ብቻ ይልካል።

ማጣሪያ የሚያሳየው ግን የመጣበትን ሰዓት መልክ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጣ ዝርዝር፣ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ሠራተኛ የሰረዘውን ቀጠሮ አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ቢጣራም ያንኑ አሮጌ ረድፍ ያሳያል። የአውሮፕላን መቀመጫ፣ የደም ባንክ ክምችት፣ የሒሳብ ቀሪ ዓይነት በደቂቃ የሚለዋወጥ ነገር በየጊዜው እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት።

በጥያቄ በኩልም አንድ ጥንቃቄ አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። ተጠቃሚው ሣጥን ውስጥ የጻፈው ቃል እንዳለ በጥያቄው ዓረፍተ ነገር ላይ ከተለጠፈ፣ ተንኮለኛ ሰው ቃል መስሎ ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። የተጻፈው ነገር ለብቻው፣ በዋጋነት ብቻ መላክ አለበት።

ኃይሉን ፍለጋ፣ የመስከረምን ወር ፍለጋ

አማርኛ መረጃ የሚይዝ ሰው ከሌላው ዓለም በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒውተር "ኃይሉ"፣ "ሃይሉ"፣ "ሀይሉ" እና "ኀይሉ" አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሥላሴና ስላሴ፣ ዓለሙና አለሙም እንደዚያው። ማጣሪያም ሆነ ጥያቄ በቀጥታ ቢፈልግ ሦስቱን ኃይሉዎች ይዘልላል።

መፍትሔውን ከሁለቱ ዘዴዎች የቱ እንደተመረጠ ይወስነዋል። ማጣሪያ እጁ ላይ ያሉትን ጥቂት ረድፎች እየዞረ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ እየለወጠ ቢያወዳድር ችግር የለውም፤ ረድፎቹ ጥቂት ናቸው። ጥያቄ ግን በ400,000 ረድፍ ላይ ይህን ያድርግ ከተባለ እያንዳንዱን ስም ለውጦ ማየት ይኖርበታል፤ ማውጫው የተሠራው ደግሞ ባልተለወጠው ስም ስለሆነ አይጠቅመውም። ስለዚህ ሰውየው ሲመዘገብ ስሙ ሁለት ጊዜ ይቀመጥ። በአንደኛው ዓምድ ባለቤቱ እንደሚጽፈው፣ በሁለተኛው ሁሉም "ሀ" ወደ አንድ "ሀ"፣ ሁሉም "ሰ" ወደ አንድ "ሰ"፣ ሁሉም "ጸ" ወደ አንድ "ጸ"፣ ሁሉም "አ" ወደ አንድ "አ" ተመልሶ። ማውጫ የሚሠራው በሁለተኛው ላይ ነው። የሚፈለገውም ቃል ከመላኩ በፊት በዚያው መንገድ ይለወጣል።

ቀንም ከዚህ የራቀ አይደለም። አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች ቀንን የሚያስቀምጡት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ተጠቃሚው "የመስከረም 2017 ደረሰኞች" ሲል አንዳንድ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን እየለወጠ ወሩ መስከረም መሆን አለመሆኑን ያያል። ለ50 ረድፍ ይሁን። ለሚሊዮን ረድፍ ግን ይህ የማውጫን ጥቅም መጣል ነው። የሚለወጠው ረድፉ ሳይሆን ጥያቄው ይሁን፦ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፣ ጥቅምት 1 ደግሞ ኦክቶበር 11። "ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ ከኦክቶበር 11 በፊት ያሉትን አምጣ" ተብሎ ሲጠየቅ ሰርቨሩ ማውጫው ላይ መነሻውን አግኝቶ እስከ መድረሻው ብቻ ያነባል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ ይህን መለወጥ አንድ ጊዜ በትክክል የሚሠራ ክፍል ተጽፎ ሁሉም ስክሪን ከእርሱ እንዲወስድ ይደረጋል። ሠራተኛው ፊት ያለው ሰንጠረዥ "መስከረም" ብሎ ያሳያል፣ ስሙንም ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል፣ "ኃይሉ" ብሎ።